ወለላ የነቃችበት ሐሙስ

በዚያ አገር ሐሙስ ሲመሽ ውሻ እንኳ አይጮኽም ነበር። ከጮኸ ባለቤቱ በማግስቱ ጎረቤት እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል። ሐሙስ ሲመሽ «የወለላ ቤት» በሬዲዮ ይተላለፋልና ነው።

«የወለላ ቤት» ድራማ ነው። ድራማ ብሎ ብቻ ማለፍ ግን ለእንግዳ ሰው ነገሩን ማጉደል ይሆናል። የአገሩ ሰው ክስ ይወዳል፤ አባት የጀመረውን ክርክር ልጅ ይወርሰዋል፣ ልጅም ለልጁ ያወርሰዋል። የሕጉን መጽሐፍ ደግሞ ምስጥ በልቶት ኖሮ፣ ማንም ሳያውቅ ብዙ ዘመን ሽፋኑ ብቻ ሲከበር ቆየ። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ዳኛ በድንበር ክርክር ግራ ቢገባው «ወለላ ባለፈው ሐሙስ ከጎረቤቷ ጋር እንዴት ነበር የታረቀችው?» ብሎ ጠየቀ። ከሳሽም ተከሳሽም በአንድ አፍ መለሱለት። ክርክሩ በዚያው አለቀ፤ ተሳስመው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የዳኛው ማዕረግ «አድማጭ ዳኛ» ሆነ። ከወንበሩ አጠገብ ሬዲዮ ተቀመጠለት። ሐሙስ የሰማውን ዓርብ ይፈርድበታል። የተቃወመ አልነበረም። ሕጉን ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል ይሰማዋል፤ ደግሞ ሙዚቃ አለው።

በዚህ አገር፣ ገበያው ዳር፣ እታፈራሁ የምትባል ጃንጥላ ጠጋኝ ትኖር ነበር። ድራማውን ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ተከታትላለች። የወለላ ባል ተሰማ በጎርፍ ተወስዶ የሞተ ጊዜ ጥቁር ለብሳለች። ወለላ በሐሰት ተመስክሮባት የታሰረች ጊዜ እህል አልወርድ ብሏት ሰንብታለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ማንያህልሻል «ወለላም አበዛችው፤ ያን ወፍጮ ቤት ለወንድሟ ለጌጡ ብትለቅለት ምን አለበት?» ብትላት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈው ነበር።

ሰው ይስቅባት ይሆናል። እሷ ግን ድራማውን የምትወደው ለወሬው ብቻ አልነበረም። ያሳደገቻት ልጅ፣ አትጠገብ፣ በእጇ የቀረችላት በእሱ ነው።

አትጠገብ ገና ትንሽ ሳለች እናትና አባቷን ወረርሽኝ ወሰዳቸው። አጎቷ አቶ ቢያድግልኝ እጇን ይዞ ገበያ መጣና እታፈራሁ በር ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጣት። «እባክሽ ትንሽ ጠብቂልኝ፤ ጨው ገዝቼ መጣሁ» አለ። የጨው ፍለጋው ከዓመት በላይ ፈጀበት። ብቅ ያለው ልጅቷ ውሃ ለመቅዳት፣ ቤት ለመጥረግ ስትደርስ ነው። «እግዜር ይስጥልን፤ በይ ልጃችንን» አለ። እታፈራሁ አልሰጥም አለች፤ ተካሰሱ። በዚያው ሰሞን ወለላ በሯ ላይ የተጣለች ሕፃን አገኘች፤ ማር ብላ ስም አወጣችላት፤ ዘመዶች መጥተው ሲጠይቁ ደግሞ የድራማው ዳኛ «ልጅ ላሳደጋት ናት» ብሎ ፈረደ። አድማጭ ዳኛው ዓርብ ጠዋት ጉሮሯቸውን ጠርገው ያንኑ ቃል ደገሙት። ቢያድግልኝ ሄደ። እታፈራሁ ያን ቀን ሬዲዮኑን ሳመችው።

አትጠገብ አደገች፤ ኮረዳ ሆነች። ድራማውን ግን አትወደውም። ሐሙስ ሲመሽ የጃንጥላ ጨርቅ እየሰፋች ታዛጋለች።

«እቴቴ፣ ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። አይደክማትም?»

«ዝም በይ! ማነው አንቺን ለእኔ የሰጠኝ?»

«አጎቴ። ጨው ሊገዛ ሄዶ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ኖሩ።

ከዚያ ያቺ ሐሙስ መጣች። ባለፈው ሳምንት ወለላ ፍርድ ቤት ቆማ፣ ወንድሟ ጌጡ በሐሰት ያስመሰከረባትን ነገር ልታጋልጥ አፏን ስትከፍት ነበር ያበቃው። አገሩ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ በተከፈተ አፍ ውስጥ ከረመ። ጃንጥላ ሊያሠሩ የመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ የመጡበትን ረስተው «ምን የምትል ይመስልሻል?» ይሏት ነበር።

ሙዚቃው አለቀ። ዶሮ ጮኸ። ከዚያ የማዛጋት ድምፅ መጣ።

«ኤዲያ!» አለች ወለላ። «ምን ዓይነት ረጅም ሕልም ነው ያየሁት!»

«ምን አየሽ?» አላት አንድ ወንድ። ድምፁ የባሏ ነው፤ በጎርፍ የሞተው የተሰማ።

«ሞተህ አየሁ። ታስሬ አየሁ። ከጌጡ ጋር ስካሰስ፣ የሰው ልጅ ሳሳድግ፣ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንከራተት አየሁ።»

«ማታ ጎመን አብዝተሽ ነው» አለ ተሰማ። «ተነሽ፤ ቁርስ ደርሷል።»

ሙዚቃው ገባ።

 እታፈራሁ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በሬዲዮኑ ላይ ወረወረችው።

«ጎመን?» አለች። «ጎመን?! ጥቁር ለብሻለሁ እኮ! ለዚህ፣ ቁርስ ደርሷል ለሚል ሰውዬ፣ ጥቁር ለብሻለሁ! ድራማ ውሸት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ይዋሹ፤ ሥራቸው ነው። ግን ሰው ዋሽቶ ዋሽቶ ሲሰለቸው አልዋሸሁም፣ አልሰማሽም ይላል? የሰማሁት በእነሱ ጆሮ ነው? በገዛ ጆሮዬ ነው!»

ከግድግዳው ወዲያ እልልታ ተሰማ። ማንያህልሻል ነች። «እሰይ! እሰይ! ተሰማ በሕይወት አለ!»

እታፈራሁ ግድግዳውን በጡጫ መታችው። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ! ሞቷል! ተዝካሩን በልተናል!»

«ሕልም ነዋ!»

«የማን ሕልም? እኔ ተኝቼ ነበር?»

አትጠገብ መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ቀና አለች። «እቴቴ» አለች ቀስ ብላ፤ «እንግዲያ ማርስ?»

«ማር ምን?»

«ማርም ሕልም ናት ማለት ነው?»

እታፈራሁ ተነሥታ በሩን ቆለፈችው። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ለፋፊው ጓንጉል ጥሩምባውን ነፍቶ በየመንገዱ ለፈፈ። «የሰማህ ላልሰማው ንገር! በዘጠኙ ዓመት ድራማ የተፈረደ ፍርድ፣ የተፈጸመ ጋብቻ፣ የተካለለ ድንበር ሁሉ ሕልም ሆኗል! ማንም ሰው ከሕልሙ በፊት ወደ ነበረበት ይመለስ!»

ሰዉ ታዛዥ ስለሆነ ተመለሰ። የተፋቱ ባሎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው የድሮ ሚስቶቻቸው በር ላይ ቆሙ፤ አዲሶቹ ባሎች በጨዋ ደንብ መንገድ ለቀቁላቸው። ወለላ ይቅር ባለች ጊዜ በይቅርታ የተፈታ አንድ እስረኛ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ወደ ወህኒ ቤት ቢሄድ፣ ክፍሉ የእህል ጎተራ ሆኖ አገኘውና በሽንብራው ላይ ተኛ። ወለላ ከአማቷ ጋር የታረቀች ጊዜ በሁለቱ መንደሮች መካከል የተሠራው የድንጋይ ድልድይም ሕልም ነው ተባለ። ድልድዩ እዚያው ቆሟል። ሰዉ ግን ሱሪውን ሰብስቦ ከሥሩ፣ በወንዙ ውስጥ፣ ይሻገር ጀመር። ድልድዩ መካከል ዘበኛ ቆሞ «የለም፣ የለም፤ በታች በኩል» እያለ ሰዉን ይመልሳል። ዘበኛው ራሱ የቆመው ምን ላይ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ዕለት አቶ ቢያድግልኝ መጣ። ሸብቷል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ በድልድዩ ሥር ነው የመጣው።

«እንዴት ከርመሻል፣ እታፈራሁ? እኔ በበኩሌ ቂም የለኝም። ሕልም ነው ከተባለ ሕልም ነው። ሚስቴ ወገቧን ታማለች፤ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።»

«ሰው ነው የሚፈልገው ገረድ?»

«ደሜ ናት እኮ።»

«ደምህ? ደምህን አግዳሚ ላይ ጥለህ ነው ጨው የምትገዛው?»

ቢያድግልኝ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ከልቡ ነበር የሚያስበው። «እሱ... መቼ ነበር? ዘጠኝ ዓመት አይሆነውም አይደል?» አለ። «እንግዲያ እሱም ሕልሙ ውስጥ ነው። አልጣልኳትም ማለት ነው።» ፊቱ በራ። ብዙ ዘመን የተሸከመውን ሸክም ያወረደ ሰው መሰለ።

እታፈራሁ በእጇ የነበረውን የጃንጥላ ዘንግ ይዛ ተነሣች። እስከ ገበያው መውጫ አባረረችው። እሱ እየሮጠ «ዓርብ ፍርድ ቤት! ዓርብ!» ይል ነበር። ስትመለስ አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ትሰጪኛለሽ?»

«አፍሽን ዝጊ!» አለቻት እታፈራሁ። ክንዷንም ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

ዓርብን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ወዳለው የደራሲዎች ግቢ ሄደች። ዘበኛው «ማን ልበል?» ሲላት «አድማጭ በል» አለችው። ዘበኛው ከአድማጭ ዳኛው የተላከች መስሎት በሩን በሁለት እጁ ከፈተላት።

ዋናው ደራሲ አቶ ልሳነወርቅ ዓይኑ የቀላ፣ ቀጭን ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ወለላን ያነቋት እርስዎ ነዎት?»

«ተመካክረን ነው፣ እትዬ።»

«ለምን?»

ልሳነወርቅ ዓይኑን አሸ። «እውነቱን ልንገርዎት? ተደበላለቀብን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንጽፍ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ጠፋብን። ማር ብቻዋን ሦስት አባት አላት። ጌጡ ወፍጮ ቤቱን ሁለት ጊዜ ሸጦታል፤ አንዱን ጊዜ ለራሱ። ወለላ ፍርድ ቤት ቆማ አፏን ከፈተች፤ ምን እንደምትናገር ግን አንዳችንም አናውቅም። ቀኑ ደረሰ። በመጨረሻ አንደኛው ባልደረባችን ‹ለምን አትነቃም?› አለ። እፎይ አልን።»

«እፎይ አላችሁ።»

«እጅግ በጣም።»

«እንግዲህ አንተ እፎይ እንድትል» አለች እታፈራሁ፤ እርስዎ ማለቱን መቼ እንደተወችው አላወቀችም፤ «አንተ እፎይ እንድትል የእኔ ልጅ ሕልም ትሁን? ክር ቢተበተብብህ ቁጭ ብለህ አትፈታም? ልብሱን አውልቀህ እሳት ውስጥ ትከታለህ? ያውም የሰው ልብስ! ያውም ሰው ለብሶት ሳለ!»

«ድራማ እኮ ነው!» አለ ልሳነወርቅ፤ የሚለምን ይመስል ነበር። «እኛ ፍረዱበት አላልንም።»

«ሲፈርዱበት ግን ዝም አላችሁ።»

«ፈራን እንጂ! ዳኛው በምንጽፈው ይፈርዳሉ ሲባል ብዕሩ ከበደን። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ሰው ልከን ዳኛው ምን ቢሰሙ እንደሚወዱ እናስጠይቃለን።»

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?»

«‹እኔ የምፈርደው የሰማሁትን ነው፤ እናንተ ጻፉና ልስማ› ይላሉ።»

እታፈራሁ ሳቀች። ሳቁ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር፤ ራሷንም አስደነገጣት። «እናንተ ዳኛውን ታያላችሁ፤ ዳኛው እናንተን ያያል። ልጄን የሚያይ የለም።»

«ታሪኩ እኮ ከመጀመሪያው ነው የሚሄደው» አለ ሊያጽናናት። «ማር እንደገና በሩ ላይ መምጣቷ አይቀርም። ያኔ ወለላ ታነሣታለች። ይመስለኛል። ቃል ግን አልገባም።»

በሩን ስታላጋው ግቢው ተንቀጠቀጠ።

አድማጭ ዳኛው ደግ ሰው ናቸው። በሰው ላይ ክፉ ፈርደው አያውቁም፤ ክፉ የሚፈርደው ሬዲዮኑ ነው። ዓርብ ዕለት እታፈራሁንና ቢያድግልኝን ግራና ቀኝ አቁመው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ይገባኛል። እኔም በዚያች ሐሙስ እራት አልበላሁም። ግን ወለላ ነቅታለች።»

«እኔ ወለላ አይደለሁም!»

«ማናችን ነን?» አሉ ዳኛው በትካዜ።

አትጠገብን የጠየቃት አልነበረም። ማር በድራማው ሕፃን ስለነበረች ፍርድ ቤት ተናግራ አታውቅም። አትጠገብ ግን ሳይጠይቋት ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ አልተኛሁም ነበር» አለች። «ኩፍኝ ሲይዘኝ ራስጌዬ ተቀምጣ ያደረችው እሷ ናት። ትምህርት ቤት ሲመቱኝ ሄዳ የተጣላችልኝ እሷ ናት። አጎቴ ዛሬ እንኳ ስሜን ተሳስቶ ነው የጠራኝ። ይህ ሁሉ ሕልም ከሆነ፣ አሁን እዚህ የቆምኩት እኔ ማን ነኝ?»

 ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ጥሩ ተናገርሽ፣ ልጄ» አሉ። «ችግሩ፣ ይህን ንግግር በድራማው ማንም ሲናገረው አልሰማሁም። በምን ልያዘው?»

ፈረዱ። ልጅቷ ወደ አጎቷ ትመለስ፤ ወለላ ሕፃኗን በሩ ላይ ያገኘች ዕለት ነገሩ እንደገና ይታያል አሉ። ሁለት ዘበኞች አትጠገብን በክንዷ ያዟት። እታፈራሁ ጩኸቷን ለቀቀችው። አትጠገብ ዞር ብላ «እቴቴ፣ አታልቅሺ» አለቻት። «ያቺን ሴትዮ ትመስያለሽ።»

ከዚያ በኋላ እታፈራሁ ድራማውን እንደ ጠላት ትሰማው ጀመር፤ ቆማ፣ እጇን ጨብጣ። ወለላና ተሰማ ሳምንት መጥቶ ሳምንት ሲሄድ ቁርስ ይበላሉ። «ሻዩ ቀዘቀዘ?» «አልቀዘቀዘም።» «ትንሽ ቀዝቅዟል።» እታፈራሁ «ቶሎ በሉ፣ እናንተ ሆዳሞች! ተነሡና በሩን ክፈቱ!» እያለች በሬዲዮኑ ላይ ትጮኻለች። ቀን ቀን ወንዙ ዳር ትወርዳለች። አትጠገብ የልብስ እስር ተሸክማ፣ እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቆ፣ ከድልድዩ ሥር በውሃው ውስጥ ስትሻገር ታያታለች። ቢያድግልኝ እንዳይነጋገሩ ከልክሏል። አንድ ጊዜ ብቻ አትጠገብ ከወዲያ ማዶ «ነጠላሽን ገልብጠሽ ለብሰሻል!» ብላ ጮኸችላት።

በመጨረሻ ደረሰ። አንድ ሐሙስ ወለላና ተሰማ እራት ላይ ሳሉ በር ላይ ሕፃን አለቀሰ። እታፈራሁ ሬዲዮኑን በሁለት እጇ ያዘችው። አገሩ ትንፋሹን ዋጠ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ተሰማ።

ወለላ ተነሣች። የእርምጃዋ ድምፅ ተሰማ። መቀርቀሪያው ተከፈተ። ሕፃኗ አሁን ቀረብ ብላ አለቀሰች።

«ድመት ናት» አለች ወለላ። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ገባ።

እታፈራሁ በዚህ ጊዜ አልጮኸችም፤ ጫማም አልወረወረችም። ሬዲዮኑን አጠፋችው። በዚያ አገር «የወለላ ቤት» ሳያልቅ ሬዲዮ የዘጋ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና ወጣች።

ገና አልጨለመም። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ሁሉም ሬዲዮው ሥር ነው። ድልድዩ ላይ ወጣች። ዘበኛው ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር፤ «የለም...» ብሎ ጀመረና እሷ ስታልፈው ጆሮውን ወደ ሬዲዮው መለሰ።

አቶ ቢያድግልኝ ደጁን ከፍቶ፣ ለሬዲዮኑ ተጎንብሶ ተቀምጧል። አትጠገብ ጓሮ ድስት ትፈትጋለች። እታፈራሁ በቢያድግልኝ ፊት አልፋ ሄደችና የልጅቷን እርጥብ እጅ ያዘች።

«ተነሽ። ወደ ቤታችን።»

«ተፈረደ?» አለች አትጠገብ።

«አልተፈረደም። ተነሽ።»

ቢያድግልኝ በሩ ላይ ሲያልፉ አያቸው። ሊነሣ ከጀለ፤ ሬዲዮኑን አየ፤ እነሱን አየ። «ቆይ! በምን ሕግ ነው? ቆይ እንጂ... ይሄ ይለቅና!» አለ። ድራማው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ሲያልቅ ድልድዩን ተሻግረው ነበር።

በማግስቱ ዘበኞች መጡ። ደጃፉ ላይ ግን ወይዘሮ ማንያህልሻል ተቀምጣ አገኟት። ከእታፈራሁ ጋር በተሰማ መነሣት ከተጣሉ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር። ፊቷ በልቅሶ አብጧል።

«ድመት ናት አለች እኮ» አለች ማንያህልሻል ለዘበኞቹ። «ሰምታችኋል? ሕፃን እያለቀሰ! እኔ ባሏ ተነሣ ብዬ እልል ብዬላታለሁ። ድመት!» ከዚያ እግሯን ዘረጋች። «ለመሆኑ በድራማው ዘበኛ የጎረቤት እግር ተራምዶ ሲገባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ዘበኞቹ ተያዩ። አላስታወሱም። አለቃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ፤ አለቃው ዳኛውን ሊጠይቅ ሄደ፤ ዳኛው ሐሙስን እንጠብቅ አሉ።

በድመቱ ነገር የተቆጣው ግን ማንያህልሻል ብቻ አልነበረችም። በወንዙ ውስጥ መሻገር የሰለቸው፣ በሽንብራ ላይ መተኛት የመረረው፣ የድሮ ሚስቱ ምድጃ ዳር እንግዳ ሆኖ የከረመው ሁሉ አጉረመረመ። በደራሲዎቹ ግቢ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። በተከታዩ ሐሙስ ዶሮ ጮኸ፤ ወለላ አዛጋች፤ «ኤዲያ! ነቅቼ ባሌ ተነሥቶ፣ በሕፃን ላይ በር ስዘጋ አየሁ፤ እንዴት ያለ ክፉ ሕልም ነው!» አለች።

ዓርብ ጠዋት ለፋፊው ጓንጉል ጥሩምባውን ይዞ፣ ሰው አስከትሎ፣ እታፈራሁ ደጃፍ መጣ።

«እትዬ እታፈራሁ! እንኳን ደስ ያለሽ! ወለላ ነቃች!»

«እንደገና?» አለች እታፈራሁ፤ ሽቦ እያቃናች ነበር።

«እንደገና! መንቃቷ ነው ሕልሙ። ዘጠኙ ዓመት ተመልሷል። ልጅሽ ተፈቅዳልሻለች።»

«ማን ፈቀደ?»

«ፍርድ ቤቱ ነዋ!»

«ፈቃድ ጠይቄ ነበር?»

ጓንጉል ጥሩምባውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አይ እትዬ፣ ደስታ ነው እኮ። ተቀብያለሁ በይና እልል በይ። ሰው ቆሞ ይጠብቃል።»

እታፈራሁ ተነሣች። ፊቷ እንደ ፍም ቀላ። «ስማኝ ጓንጉል። ልጄን በጎመን ወሰዳችሁብኝ። ዛሬ ደግሞ በአንዲት ሴትዮ ማዛጋት ትመልሱልኛላችሁ። ይህን እልል ብዬ ከተቀበልኩ፣ የፊታችን ሐሙስ መጥታችሁ ስትወስዷት ምን ብዬ ልከራከር ነው? ያን ጊዜስ እልል ብለሻል አትሉኝም? አልቀበልም! ለዳኛውም፣ ለዚያ ዓይነ ቀይ ደራሲም ንገርልኝ። ፍርዳችሁን አልፈልግም!»

«የተፈረደልሽን?» አለ ጓንጉል ግራ ገብቶት። «ተፈርዶለት እንቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እይ እንግዲህ።»

«ታዲያ ልጅቷ እዚህ በምን ሕግ ነው የምትኖረው? አንድ ነገር ብዬ መለፈፍ አለብኝ እኮ!»

እታፈራሁ ወደ ውስጥ ዞረች። «አትጠገብ! እዚህ በምን ሕግ ነው የምትኖሪው ይላል!»

«ወጡን ልጣድ ወይስ አልጣድ?» አለች አትጠገብ ከጓዳ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ!»

«ሰማህ?» አለችው እታፈራሁ፤ በሩንም ዘጋችው።

 ጓንጉል ጥሩምባውን ሳይነፋ ሄደ፤ የተከተለው ሰውም ወደየቤቱ ተበተነ።

ሐሙስ መጣ። ሲመሽ መንገዱ እንደ ወትሮው ጭር አለ፤ ከየቤቱ የ«ወለላ ቤት» ሙዚቃ ተሰማ። ከጃንጥላ ጠጋኟ ቤት ግን ሌላ ድምፅ ወጣ።

«ጨው አብዝተሻል!»

«አላበዛሁም! አንቺ ነሽ ሁለተኛ የጨመርሽበት!»

«እኔ? እኔ ድስቱን መቼ ነካሁ?»

«ዞር ስል! አይቼሻለሁ!»

«ምን ዓይነት አፍ ነው ያለሽ አንቺ ልጅ! ማን ይሆን ያስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

ከግድግዳው ወዲያ የማንያህልሻል ሬዲዮ ድምፁ ቀነስ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ሬዲዮም ቀነሰ። ማንያህልሻል ወንበሯን ወደ ግድግዳው ሳበችና ጆሮዋን አስጠጋች።